እትዬ ኮሶ የጠጡ ለት

ሞጣ ጊዮርጊስን! ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ከዋሸሁ ከቢቸና ሞጣ በእግሬ ልሂድ፣ ያውም በክረምት። እንዳለው የሚባለው ሹፌር በዚያ ቅዳሜ ጧት ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ፣ ከወይዘሮ ይርጋነሽ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ ሦስት ጠርሙስ ተራ በተራ ያሸት ነበር።

ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው አረቄ እንዳይመስላችሁ፤ ነዳጅ ላይ የሚጨመር የሞተር ማጽጃ ነው። ታማሚዋ ከጀርባው ቆማለች፤ ጎኗ የተላላጠ ቅጥቅጥ አውቶብስ። እንዳለው “እትዬ” ነው የሚላት። በዕድሜ ስለምትበልጠው አንቺ ብሏት አያውቅም።

እትዬ ማጨስ ከጀመረች ከርማለች። እሷ ስትነሣ የሰፈሩ ዶሮዎች መሽቷል ብለው ቆጥ ላይ ይወጣሉ። ትናንት ተራ አስከባሪው ታደለ የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ፦ “ነገ እንዲህ እያጨሰች ከመጣች የሞጣን መስመር ለሹፌሩ ለከፋለ ሰጥቼዋለሁ።” እንዳለው ደግሞ ከሞጣ መስመር ሌላ እንጀራ የለውም።

“ቀይዋ የቤንዚን ናት፣ ተዋት” አሉት ወይዘሮ ይርጋነሽ። “ቢጫዋ ጭሱን ለጥቂት ቀን ትደብቅልሃለች እንጂ አታጸዳም። ሰማያዊዋ ናት የናፍጣ፤ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አጥባ ቆሻሻውን ትፈነቅላለች።”

ከፋለ አዲሷን መኪናውን ተደግፎ ሸንኮራ ይግጣል። “ቢጫዋን ግዛላት” አለ። “ቀብሯ እስኪደርስ ታምርበታለች።”

እንዳለው የሰማያዊዋን ክዳን ከፍቶ አፍንጫውን ሲያስጠጋ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፊቱ ግን በራ። “ይቺ ናት! እንዲህ የምታቃጥል ከሆነ ኮሶ ናት። የእትዬን ሆድ እስከ ወለሉ ትጠርገዋለች።”

“በል እንግዲያ፣ እሷን ጨምርና ከላዩ ናፍጣ ሙላበት። ሲዋሐዱ ነው የምትሠራ።”

“ምን ማለትዎ ነው እትዬ ይርጋነሽ? ኮሶ በባዶ ሆድ አይደለም እንዴ? እኔ እኮ ከትናንት ጀምሮ ጦማቸውን አሳድሬያቸዋለሁ። ታንከራቸው ውስጥ ያለው ናፍጣ ከንፈር አያርስም።”

“እኔም እትዬ፣ መኪናህም እትዬ! አንድ ቀን እኔንም አጠጥተህ ትገድለኛለህ።”

እንዳለው ግን ያመነበትን ያመነ ሰው ነው። “ይጠጡ እትዬ፣ ትንሽ ይመርራል” ብሎ ጠርሙሱን እስከ ጠብታው ገለበጠው። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ኮፈኗን አለበሳት። ከፋለ ሊያይ ቀረብ ሲል ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመበት።

“ወዲያ! ኮሶ የጠጣ ሰው በባዕድ ዓይን አይታይም!”

ሞተሩን አስነሣ። ቢቸና ጠፋች። ጭሱ ከመናኸሪያው ተርፎ ገበያውን ሞላው፤ በግ የገዛ ሰውዬ የሌላ ሰው ፍየል እየጎተተ ሄደ። እትዬ ተንቀጠቀጠች፣ ስቅ አላት፣ ከዚያ ጸጥ አለች። በጭሱ መሐል የታደለ ፊሽካ እየቀረበ መጣ።

እንዳለው መዳፉን ከጋቢው ሥር አስገብቶ እንደ ትኩሳተኛ ግንባር ዳሰሳት። የሞጣ መንገድ፣ ያ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስሙ የሚያውቀው መንገድ፣ ከእጁ ሲወጣ ታየው። “አልወጣላቸውም” አለ ቀስ ብሎ። “ትሉ ሆዳቸው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል።”

ወይዘሮ ይርጋነሽ አንድ ጀሪካን ናፍጣ እየጎተቱ ከጭሱ ውስጥ ብቅ አሉ። ነገር በዚህ ሰው ጆሮ በየት በኩል እንደሚገባ አሁን ገብቷቸዋል።

“ስማ አንተ! ለመሆኑ ማሻሪያውስ?”

“የምን ማሻሪያ?”

“ኮሶ ያጠጣኸውን ሰው ማሻሪያ ሳትሰጥ ልታሳድር ነው? ኋላ ተከትሎ ገፍቶ የሚያወጣው ምኑ ነው?”

እንዳለው ግንባሩን በጥፊ መታ። “ማሻሪያ! እንዴት ረሳሁት!” ጀሪካኑን ነጥቆ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠው። የተፈነቀለው ቆሻሻ ማጣሪያውን ድፍን አድርጎት ስለነበር እሱንም ነቅሎ አዲስ ገጠመ። ከነዳጅ መስመሩ አየሩን አስወጣና ቁልፉን አዞረ።

እትዬ አንዴ ሳለች። ደገመች። ሦስተኛ ስትስል ጭስ ማውጫዋ አንድ ነገር ተፋ፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ የበሬ ጠፍር የሚያህል የጥቀርሻ ኮሶ። አንድ ውሻ ጠጋ ብሎ አሸተተው፤ እያነጠሰም የደብረ ወርቅን መንገድ ያዘ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው፤ ለስላሳ፣ እንደ ጠገበ ድመት።

ታደለ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ነጭ መሐረቡን አወጣና ጭስ ማውጫው ላይ ጋረደ። “እስቲ ስጣት!” አለ። እንዳለው ነዳጁን ረገጠ። መሐረቡ ተርገበገበ። ታደለ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ገልብጦ አየው፤ ነጭ።

“በል ጫን” አለ። “ሞጣ! ሞጣ! ሞጣ!”

“ዕድል ነው” ብሎ ከፋለ እየሳቀ ወደ መኪናው ሄደ። እንዳለው ጋቢውን ከኮፈኑ አነሣና ትከሻው ላይ ጣል አደረገው። ጎንበስ ብሎም “እንኳን ማረዎ እትዬ” አላት።

እውነት ነው ብያለሁ፤ ነውም። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ከፋለ አልሳቀም። እትዬ ሰው ሞልታ ወደ ሞጣ ስትታጠፍ፣ እሱ ከሱቁ ደጃፍ ባዶዋን ሰማያዊ ጠርሙስ አንሥቶ ያሸት ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።