ሬዲዮዎን ይቀንሱልኝ

«ሄሎ፣ አየር ላይ ነዎት። እማማ፣ ሬዲዮዎን ትንሽ ይቀንሱልኝ፤ ድምፅዎ እየተመለሰ ነው» ይለኛል የፕሮግራሙ አዘጋጅ።

«የእኔ ሬዲዮ ዝግ ነው። የራሴን ድምፅ ልሰማ አይደለም የደወልኩት።»

ይስቃል። ስለ ዛሬው ውይይት ያለኝን አስተያየት ይጠይቀኛል።

«እንግዳ ብለህ ያመጣኸው ምሁር አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፈ። ነገሩ ግን አጭር ነው። አንዱ ተነስቶ የሰው ፎቶ ያነሳል፣ ከሥሩ ያሻውን ውሸት ይጽፋል፣ እኛ በንዴት ስንቀባበለው ተመልካቹ ይበዛለታል። ይኼን ለማለት ያን ሁሉ መዞር ምን አስፈለገው?»

«እርስዎ ላይ ደርሶ ያውቃል፣ እማማ?»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞራለሁ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ማንም አያታልለኝም እያልኩ ስኮራ የኖርኩ ሴት ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ታናሽ እህቴ ጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ተራ ስትጠብቅ አንስተዋታል። ከሥሩ የተጻፈውን ጎረቤቴ አነበበችልኝ፦ «ታላቅ እህቷ ከአባታቸው ቤት አባርራት ደጅ የወደቀች ምስኪን።» ፊቱ የእሷ ነው። ሹራቡም እኔ በእጄ የሠራሁላት ነው። ሌላ ምን ልጠይቅ? እንዲህ ብላ ስሜን ያጠፋችው እሷ ናት አልኩ። የእሷን ክፍልና የእኔን የሚያገናኘውን በር ዘጋሁና ቸነከርኩት። «እትዬ፣ ምን አደረግኩሽ?» ስትለኝ የመለሰላት መዶሻው ነው። ውሸቱን የጻፈው ፎቶውን ያነሳው የማናውቀው ሰው እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማውቃት በድምፅ ብቻ ነው። ነጠላ ጫማዋ፣ የሻይ ማንኪያዋ፣ ሳሏ።

«አሁንም ይመለሳል፣ እማማ። እርግጠኛ ነዎት ዘግተውታል?» ይላል አዘጋጁ።

ጆሮዬን እጥላለሁ። «...ዘግተውታል?» ይላል ያው ድምፅ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ከበሩ ወዲያ።

«የእህቴ ሬዲዮ ነው» እላለሁ። «ከበሩ ወዲያ ናት። ያንተን ፕሮግራም ድሮ አብረን ነበር የምንሰማው፤ እኔ ስሳደብ፣ እሷ ስትስቅ።»

«እንግዲያው እየሰማችዎት ነው። ይንገሯት።»

ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ እንደገና እጠርጋለሁ።

«ከሰኞ ጀምሮ ሳልሽ ብሶብሻል» እላለሁ።

«...ብሶብሻል» ይላል የእኔው ድምፅ ከወዲያ። ሲሰሙት እንዴት ያረጀ ነው!

ሬዲዮው ይቀንሳል፣ ይቀንስና ጨርሶ ይጠፋል። ወንበር ወደ በሩ ሲጎተት ይሰማኛል።

«አሁን ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ እማማ። ይቀጥሉ» ይላል አዘጋጁ።

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጣለሁ። በሩን በመዳፌ እዳብሳለሁ። ሰባት ሚስማር ነው፤ ሰባቱም በእኔ በኩል።