የዘለልኳት «ት»

በሩን ልጄ ቀድማኝ ከፈተችው። እኔ እጄን እያደራረቅኩ ከኩሽና እስክወጣ አንድ ቀጭን ወጣት ቦርሳውን አንግቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«አስጠኚው ነኝ» አላት። «የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። ተማሪዋ አንቺ ነሽ አይደል?»

ልጄ ዞራ አየችኝ። እሷ ከኬሚስትሪ ጋር ከተቆራረጠች ቆይታለች፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ነው የምትማረው። ደግሞ በዚህ ሰዓት ጓደኛዋ ቤት መሆን ነበረባት። እሷ ቀርቻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አስጠኚ ይመጣል አላልኳትም፤ እኩል ነን።

ተማሪዋ እኔ ነኝ። መድኃኒት ቤት ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ዲግሪውን የጀመርኩት በስተርጅና ነው፣ ይህቺን አንድ ትምህርት ደግሞ ሁለቴ ወድቄያለሁ። አሁንም ከወደቅኩ መባረር ነው። ፈተናው ደርሷል፣ መውደቄን ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። የአስጠኚውን ስልክ ቁጥር ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ የገነጠልኩት እንኳ ግራ ቀኝ እያየሁ፣ እንደ ሌባ ነው። ስደውልለት «ለልጅዎ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩ። ውሸቱን እሱ አቀበለኝ፣ እኔ ደግሞ አላሳፈርኩትም። ሲመጣ በሩ ላይ ሹክ እለዋለሁ ብዬ ነበር።

«ግባ፣ ግባ» አልኩት።

ፊቴን ሲያይ ፈገግ አለ። «እንዴ፣ የመድኃኒት ቤቷ ዶክተር አይደሉ እንዴ? እናቴ እኮ የግፊት መድኃኒቷን ከእርስዎ እጅ ካልሆነ አትቀበልም።»

ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለነሱ ዶክተር ነው። አይደለሁም ብዬ አላውቅም፤ ደስ ይላላ።

«ታዲያ እርስዎ እያሉላት እኔን ምን ፈለጉኝ?» አለ፣ ለጨዋታ ያህል።

«ጊዜው ከየት ይምጣ ብለህ ነው» አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ልጄ አሁንም ታየኛለች። ባለፈው ሳምንት በሂሳብ ዝቅ ያለ ውጤት ይዛ ስትመጣ ወረቀቱን ፊቷ ዘርግቼ «እዚህ ቤት መውደቅ የሚባል ነገር አናውቅም» ያልኳት ልጅ ናት። ልክ ልኬን ልትነግረኝ ከፈለገች ጊዜው አሁን ነበር። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለችው።

ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ግን መሬት ሲፈልጓት መቼ ትከፈታለች።

አስጠኚው ነጭ ወረቀት ዘርግቶ እርሳስና ላጲስ አወጣ። «እሺ እህቴ፣ የቱ ጋ ነው ግራ የሚገባሽ?»

ልጄ ጣሪያውን አየች። ምን ትበል ምስኪን። ይሄ ምላሴ መቼ ያርፋል፣ ዘልዬ ገባሁ። «ቀስቶቹ ናቸው። ኤሌክትሮኑ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳዩት ቀስቶች። ቤት ውስጥ ሲጠና ምንም አይልም፤ ፈተናው ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ድብልቅልቁ ይወጣል።»

ስደርስ።

«ስትደርስ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ፈተናው ላይ ስትደርስ።»

አንዲት «ት» ዘልዬ ጉዴ ፈላ። አስጠኚው ቀና ብሎ አላየኝም፤ የተቀረጸውን እርሳስ መልሶ ይቀርጽ ጀመር። እኔ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። እንባዬ መጣ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጅ ፊት። ዋጥኩት።

«ደንቡ አንድ ነው» አለ ለልጄ፣ ወረቀቱ ላይ እየሳለ። «ቀስት የሚነሳው ኤሌክትሮን ካለው ነው። የሌለውማ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ይሄ ድርብ መስመር ትርፍ አለው። ይሄ ሃይድሮጅን ደግሞ አጥቶ የተቀመጠ ነው፣ ተቀባይ ነው።»

ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ምሳሌ ሳለና እርሳሱን አስቀመጠ።

«እስቲ አሁን» አለ፣ አሁንም እሷን እያየ፣ «ቀስቱን ከየት ያስነሱታል?»

ያስነሱታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አንቱ ተባለች። ጆሮዬ የሳተ መሰለኝ።

«አይቸኩሉ» ብሎ ጨመረ፣ ዓይኑን ከሷ ላይ ሳያነሳ። «ቢሳሳቱም እርሳስ ነው፣ ይጠፋል።»

ነገሩ ለሁለታችንም ገባን። ልጄ ተነሳችና ወንበሩን ወደኔ ገፋ አደረገችው። እርሳሱንም በመዳፌ አስጨበጠችኝ። ሄዳ ከጀርባዬ ቆመች።

ተቀመጥኩ። ቀን ሙሉ ክኒን ሲቆጥር በማይሳሳተው እጄ ቀስቱን ከሃይድሮጅኑ አስነሳሁና ወደ ድርቡ መስመር ወሰድኩት። አስጠኚው አላረመኝም። ደግ ልጅ ነው፣ ራሴ እንዳየው ይጠብቀኛል። እኔ ግን ምንም አልታየኝም።

የልጄ ትንፋሽ ማጅራቴ ጋ ደረሰ።

«እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ካለው ነው የሚነሳው።»

ላጲሱን በትከሻዬ በኩል አቀበለችኝ።