መቀርቀሪያው

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ተክለማርያም፣ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ «አንተ ራስህ ሦስተኛ ክፍልን ያላለፍክ፣ ልጅህ ከማን ተምራ ትናገር?» ብሎት ነበር። ዘበኛው ቀኑንም ቃሉንም አልረሳም። ልጁ አንድም ቃል አትናገርም፣ ወደ ሰው ፊትም አትመለከትም፤ የመሥሪያ ቤቱ በር የብረት መቀርቀሪያ ሲንሸራተት መስማት ግን ትወድ ነበር። ስለዚህ በየማለዳው አጠገቡ ያቆማትና መቀርቀሪያውን ይዞ በእሷ ፋንታ «ክፈት» ይላል። ሳይቆጣ፣ ሳያስገድድ ትንሽ ይጠብቃታል። ከዚያ ይከፍታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አደረገ።

አንድ ቀን ጠዋት የጎባ ብርድ ሳይለቅ አቶ ተክለማርያም በበቅሎ ደረሰ። ዘበኛው መቀርቀሪያውን ያዘ፤ ቃሉን ግን አላወጣም። ትናንት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቷልና ዛሬ ለእሷ ተወላት።

«ምን ይገትርሃል አንተ? ለአለቃው ነግሬ ዛሬውኑ ነው የማስባርርህ!»

ዘበኛው አልተነቃነቀም። ልጁ ቃሉን እንደምታወጣ እርግጠኛ ነበር። ልጅቱ ጣቷን ብረቱ ላይ አሳረፈችና «ክፈት» አለች።

ከፈተ።

ጸሐፊው በቅሎው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። «ተናገረች እንዴ? ኧረ ማን አስተማራት?»

ዘበኛው ለዚህ ሰው ሁለት ዓመት ያጠራቀመው መልስ ነበረው። ልጅቱ ግን እጁን ይዛ ትጎትተው ጀመር፤ የጓሮው በር ገና አልተከፈተም። ተከትሏት ሄደ።