አቶ ሞልቷል

መንደሩ ያለው በስክሪን ውስጥ ነው። ቤቱንና መንገዱን የሚሸከም አንድ ትልቅ ማዕከላዊ ኮምፒውተር የለውም፤ የአርባ አባላት ኮምፒውተሮች ተካፍለው ይሸከሙታል። አንዱ ሲከብደው ባለቤቱን እንኳ ሳይጠይቅ ሸክሙን ለሌላው ያሳልፋል። ድልድሉን የምትቆጣጠረው አንዲት መሐንዲስ ናት።

አባቷ ከአንገታቸው በታች ሽባ ከሆኑ ሦስት ዓመታቸው ነው። በመንደሩ ውስጥ ግን ይራመዳሉ። አልጋቸው ላይ የተገጠመች ካሜራ ዓይናቸውን ታነባለች፤ ኮምፒውተር ደግሞ ያንን ዓይን ወደ እርምጃ ይለውጣል። ዓይናቸውን እስኪለምድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል። አሁን ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ወርደው ይመለሳሉ። ለእሳቸው ኑሮ ማለት ይኸው ነው።

ሰሞኑን እርምጃቸው ይደናቀፍ ጀመር። አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ደርቀው ይቀራሉ።

«እዚያም ልተኛ ነው እንዴ ልጄ?» አሏት።

ወዲያው ምክንያቱን ፍለጋ ገባች። የእሷ ኮምፒውተር እንደሆነ እንከን አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ የቢሮ ሥራ ስትሠራበት ውላ እንኳ ሞቆ አያውቅም። የአባላቱን ዝርዝር ከፈተች። ሠላሳ ዘጠኙ የተላከላቸውን ሥራ ይቀበላሉ። የጡረተኛው ልብስ ሰፊ ኮምፒውተር ብቻ ሁልጊዜ «ሞልቷል» ብሎ ይመልሳል። አባላቱም «አቶ ሞልቷል» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። «እሳቸውማ ሞልቶላቸዋል!» እያሉ ይስቃሉ።

መሐንዲሷ ግን ጥርሷን ነክሳባቸዋለች። ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ በሰው ጉልበት እየኖሩ የራስዎን መንፈግ ነውር አይደለም?»

«ኧረ ልጄ፣ እውነት ሞልቶብኝ ነው። አንድ ከባድ ነገር ተሸክሜያለሁ።»

«ምንድን ነው?»

«የሰው ዕቃ ከፍቼ አላይም። ብቻ ማሽኑ እንዳይግል ቬንትሌተሬን ወደ እሱ አዙሬ፣ እኔው በላብ ተጠምቄ ቁጭ ብያለሁ።»

«ውሸትዎ እንኳ ያምራል! እንደ እርስዎ ባለ ሰነፍ ምክንያት አባቴ መንገድ ላይ ተገትረው ይውላሉ። ከአሁን ጀምሮ ከመንደሩ ወጥተዋል።»

«እንግዲያው የያዝኩትን ላስረክብ። ለተሰናባች አንድ ሰዓት ይሰጣል አይደል?»

ደንቡ እንደዚያ ነበር፤ ሳያስረክብ የተባረረ ኮምፒውተር የያዘው ሁሉ ይደመሰሳልና። ያወጣችውም እሷው ናት።

«ባዶ እጅ ምን ያስረክባል?» አለችና ኮምፒውተራቸውን ከመንደሩ አባረረችው።

መንደሩ ወዲያው ቀለል አለው። ዛፉም ውሃውም ያለ እንከን ይንቀሳቀስ ጀመር። ደስ ብሏት ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች።

«አባባ፣ ይነሡ! ዛሬ ማንም አይገትርዎትም።»

አባት ዓይናቸውን ወደ ግራ አዞሩ፤ ወደ ቀኝ አዞሩ። ደጋግመው አዞሩ። ወንዙ ይፈሳል፤ ዳርቻው ላይ ግን የሚራመድ ሰው የለም።

«የት ሄድኩ?» አሉ።

ተመልሳ የተባረረውን ኮምፒውተር መዝገብ ከፈተች። ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«ሸክም፦ የአባባ እርምጃ። ቅጂ፦ የለም። ከብዶኛል ብሎ ያሳለፈው፦ የልጃቸው ኮምፒውተር።»