ዘጠኝ ሊትር

ገዢው መሪውን ይዞ ከፊቱ ያለውን የነዳጅ ፍጆታ አማካይ ቁጥር ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። «በመቶ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ሊትር? ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል መኪና ከአሥራ አራት በታች ይጠጣል እንዴ?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤» አለ ባለመኪናው በመስኮቱ በኩል። «ባለቤቴን ሐኪም ቤት የማመላልሳት በሱ ነበር። ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ስለነበር ፍሬን ድንገት ከያዝኩ ታቃስታለች። እስክታርፍ ድረስ፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ እንደ እንቁላል ተሸክሜያት ነው የነዳሁት።»

«ነፍስ ይማር፤» አለ ገዢው። ቀጥሎም «እስቲ እኔ ስነዳው ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ከዜሮ ጀምረን እንየው» ብሎ ከመሪው ሥር ያለችውን ቁልፍ ጫን አደረጋት።

«ቆይ! እሷን አትንካት!» ባለመኪናው እጁን በመስኮቱ ሲሰድ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ነበር።

ገዢው ደነገጠ። «ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ያ ዘጠኝ እኮ የሁለታችን ነበር፤» አለና የመኪናውን በር ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።