የሁዳዴ ቁርስ

በዚህ ዘመን የወንድ ዘር ይተኛል፤ አባት መሆን የሚሻ ሰው በአፍንጫው ጠብታ ወስዶ አንጎሉ ዘሩን እንዲቀሰቅስለት ያደርጋል። ጠብታው የሚሰጠው በዕድሜ አንዴ ብቻ ነው።

ልጄ ደምሰው በሁዳዴ መግቢያ ወሰደ። ተመራማሪዋ ዶክተር ስንዱ፣ «ሰባ ቀን ቁርስ እንዳትዘል። አንጎልህ ረሃብ የገባ መስሎት ዘርህን መልሶ ያስተኛዋል» አለችው።

የንስሐ አባቱ ፈቅደውለታል። እሱ ግን ጠዋት ፍርፍሩን ትክ ብሎ ያየዋል እንጂ አይነካውም።

«ብላ እንጂ፣ አንተ ሰው!» አለችው ሚስቱ አስካለ።

«አባዬ እየጾሙ ፊታቸው እንዴት ልጉረስ?»

ስድሳ ዓመት ሙሉ በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ቀምሼ አላውቅም። እጄን ታጠብኩና ወደ ገበታው ቀረብኩ። ጎረስኩ፤ ደገምኩ። ፍርፍሩ ይጣፍጣል። ልሠልስ ስል ደምሰው ትሪውን ወደ ራሱ ሳበው።

«አባዬ፣ የሚወልዱት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝና አፉን ሞላ።