የታጠበው ሹራብ

«አጠብሽው?!» ይላሉ እትዬ ዙምረታ፣ ሹራቡን ከአፍንጫቸው ሳያርቁ። «ይሄ እኮ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው!»

አጥቤዋለሁ። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ነው ያመጣሁት። ላብ ላብ የሚል ልብስ ይዞ ሰው ቤት መግባት ነውር አይደል? እንደ ትራቭኒክ ባለ ትንሽ ከተማ ደግሞ ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው ቤት የሚደርሰው።

ምድጃው ላይ የእርሳስ ብረቱ በጭልፋ ውስጥ መቅለጥ ጀምሯል። እትዬ ዙምረታ ድንጋጤ ያፈሳሉ። ከታመመው ሰው ራስ በላይ ሳህን ውሃ ይይዙና የቀለጠውን እርሳስ ያፈሱበታል፤ ድንጋጤው ከሰውየው ወጥቶ እርሳሱ ላይ ይቀራል። ሰውየው ሩቅ አገር ከሆነ ለብሶ ያወለቀው ልብስ ይበቃቸዋል። ያልታጠበ ከሆነ ነው ታዲያ።

ልጄ ነርሚን ጀርመን አገር ግንበኛ ነው። አብሮት የሚሠራው ልጅ ዓይኑ እያየ ከርብራብ ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለውም። ሐኪም ዘንድም ይመላለሳል። ይደውልልኝና ደህና ነኝ ብሎ ይዘጋል። ባለፈው ግን «እማ፣ እትዬ ዙምረታ አሁንም ያፈሳሉ?» አለኝ። ጢሙ ጉንጩን የሞላ ሰውዬ! ለብሶ ያወለቀውን ሹራብ በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው ላከው።

ከላስቲኩ ሳወጣው ፊቴን ቀበርኩበት። ሲሚንቶ ይላል፣ ሲጋራ ይላል፣ የልጄን አንገት ይሸታል። አልቅሼ አልቅሼ አበሰበስኩት። ከዚያ በእንባ የራሰ ልብስማ አይወሰድም ብዬ ዘፈዘፍኩት። አይ እኔ!

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን ራሱን እኮ ነው ከእድፉ ጋር የደፋሽው!» ይላሉ እትዬ ዙምረታ።

ሹራቡን ተቀብያቸው አሸታለሁ። ምንም የለም። ከሱቅ የወጣ ሹራብ ሆኗል። ምንጣፉ ላይ ቁጭ እላለሁ።

«አራት ዓመት ሙሉ አላየሁትም፣ እትዬ» እላለሁ። «ሽታው እንኳ ቢመጣልኝ እሱንም አጠብኩት። አሁን በምን ሊተኛልኝ ነው?»

እትዬ ዙምረታ ሲያፈሱ በሽተኛ የሚሸፍኑበትን ቀይ ጨርቅ ከማንጠልጠያው ያወርዱና ራሴ ላይ ጣል ያደርጉታል።

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ! የታመመው እሱ ነው!»

«ዝም በይ። ከሹራቡ በፊት ዘጠኝ ወር ሙሉ የለበሰው አንቺን አይደል?»

ጨርቁን ራሴ ላይ አስተካክላለሁ።

«ይልቅ ደውይለት» ይላሉ። ከጨርቁ ሥር ሆኜ እደውላለሁ። ወዲያው ያነሳል፤ «እማ?» ይላል፣ ድካም በተጫነው ድምፅ።

«ቢስሚላህ» ይላሉ እትዬ ዙምረታ። እርሳሱ ከራሴ በላይ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ትሽሽ ብሎ ይፈነዳል። ክው እላለሁ።

«አብሽሪ፣ ተቀመጪ! ወይ ጉድ፣ እርሳሱ እሾህ በእሾህ ሆኖ ወጣ! ይሄን ሁሉ ድንጋጤ ተሸክማችሁ ነው?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ።

«ነርሚን? ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ» ይላል። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። «እማ፣ እንዳትዘጊው። ይድገሙት በያቸው።»

እጄን ከጨርቁ ሥር አወጣና እንዲሰማው ስልኩን ወደ ውሃው ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ።